«ትዝ አለኝ» እና «አስታወስኩ»፤ የልጅነት ትዝታ ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም

አማርኛችን ወዳለፈው ዘመን የሚያስገቡ ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው «ትዝ አለኝ» ነው፤ ሁለተኛው «አስታወስኩ» ነው። ሰዋስዋቸውን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። «ትዝ አለኝ» ስል አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ ነገሩ ራሱ ሳይጠራ መጥቶ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ቁጭ ባልኩበት አግኝቶኛል። «አስታወስኩ» ስል ግን የሠራሁት ሥራ አለ። ቆፍሬአለሁ፣ ፈልጌአለሁ፣ ምናልባትም ልረሳው እሻው የነበረውን ነገር እጁን ይዤ ወደ ብርሃን አውጥቼዋለሁ። ስለ መጀመሪያው ማንም አይጠይቀኝም። ስለ ሁለተኛው ግን እጠየቃለሁ።

በዚህ ላይ ሙዚቃው ይጨመርበታል። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ «የልጅነት ትዝታዬ» የሚል ርእስ ሲሰጠን ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳንገልጥ ጆሯችን ክራር መስማት ይጀምራል። የምንጠብቀውም የታወቀ ነው፤ እሸቱ፣ እርጎው፣ የቡሄ ጅራፉ፣ የሴት አያት ተረቱ፣ በክረምት ጢስ በሞላው ቤት ውስጥ የሚጠበሰው በቆሎ። ጸሐፊውም ይህን መጠበቃችንን ያውቃልና አያሳፍረንም። አንድም ሳያጓድል ያቀርብልናል፤ እኛም «ወይ ጊዜ!» ብለን ገጹን እናጥፋለን።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው። ከጦርነት ማግስት ያደገ ልጅ ጎልምሶ ብዕር ሲያነሣ፣ ያ ጦርነት የት ይሄድበታል? ጥያቄውን በመላ ሀገሪቱ ላይ ከመበተን ይልቅ በአንድ መንገድ ላይ ማቆም ይሻለኛል፤ ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ በሚያደርሰው መንገድ ላይ። ያደግሁበት መንገድ መሆኑን አልሸሽግም። የመረጥኩት ግን ስለተወለድኩበት ብቻ አይደለም። ይህን ያህል አጭር ሆኖ፣ ሥነ ጽሑፍም ጦርነትም ይህን ያህል የተመላለሰበት ሌላ መንገድ ማግኘት ስለሚያስቸግር ነው።

ሁለቱ ማንኩሳዎች

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ማንኩሳ የሚለውን ስም ያልሰማ አማርኛ አንባቢ የለም ማለት ይቻላል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ጎጆ የወጡባት፣ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ናት። መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነብበው ሰምቶ ስሟን በጆሮው ይዟል። በኛ ሰፈር ግን ነገሩ ለየት ይል ነበር። ማንኩሳ ለኛ በእግር የሚደረስባት፣ ሰው ለለቅሶና ለሠርግ የሚሄድባት አገር ናት። መጽሐፍ ውስጥ መግባቷን ስንሰማ፣ ጎረቤታችን በሬዲዮ የተጠራ ያህል ነበር የገረመን።

ሐዲስ ዓለማየሁ የበዛብህን ልጅነት ሲጽፉ ክራር አልቃኙም። ልጁ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው። ማን እንደወሰነለት፣ ለምን እንደወሰነለት፣ ዕዳውንም ኋላ ማን እንደሚከፍል ደራሲው አንድ በአንድ ያስቀምጡልናል። ልጅነቱ የሚጣፍጥበት ቦታ አለ፤ ነገር ግን ጣፋጩ ዋጋው ተጽፎበት ነው የሚመጣው። እንደ እኔ እምነት የልብ ወለዱ ጥንካሬ ከፍቅሩ ታሪክ ባልተናነሰ ከዚህ ይመነጫል። በዛብህ ዲማ ደርሶ ሰብለ ወንጌልን ከማየቱ አስቀድሞ በልጅነቱ የተቋጠረ ነገር እንዳለ እናውቃለን፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የዚያ ቋጠሮ መፈታት ነው።

ዳሩ ግን የልብ ወለዱ ማንኩሳ ከጣልያን ወረራ በፊት ያለችው ናት። ሌላም ማንኩሳ አለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ሲዘልቁ፣ በእንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል ከአርበኞች ጋር ሆኖ ጣልያንን የገጠመው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ቡሬ ላይ የጣልያን ምሽግ ነበር፤ ማንኩሳም ላይ ነበር። የካቲት ሲያልቅ ጣልያኖች ቡሬን ለቀው በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ይህን ታሪክ የጦር መሪዎች፣ የታሪክ ጸሐፊዎችና የውጭ አገር ሰዎች ደጋግመው ጽፈውታል። ከምሽጉ አጠገብ ጥጃ ይጠብቅ የነበረው ልጅ ግን አልጻፈውም። ያ ልጅ ምን አየ? ጣልያን ለቅቆ ሲሄድ ምሽጉ ውስጥ ምን አገኘ? ያገኘውን ምን አደረገው? አባቱ ተመልሶ መጣለት ወይስ ቀረ?

ሐዲስ ዓለማየሁ ጦርነቱን በመጽሐፍ አይደለም የሚያውቁት። በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ዘምተው፣ ተማርከው፣ ወደ ጣልያን ተወስደው ለዓመታት ታስረዋል። ይህንኑ የጻፉበት ማስታወሻ ስሙ «ትዝታ» መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ስሙን የሰማ ክራር ይጠብቃል፤ ሲገልጠው የሚያገኘው ዘመቻና ምርኮ ነው። እንግዲህ አንድ ደራሲ ልጅነትን በልብ ወለድ፣ ጦርነትን በማስታወሻ ለያይተው በሁለት ማሰሮ አስቀመጡልን። ሁለቱን የሚቀላቅል መጽሐፍ ከእሳቸው መጠበቅ አይገባም፤ ጦርነቱ ሲመጣ ጎልማሳ ነበሩና። ጥያቄው የሚመለከተው ያኔ ልጅ የነበረውን ነው።

ልጅ ከነበሩት አንዱ አቤ ጉበኛ ነው። የአቸፈር ተወላጅ ነው፤ ልጅነቱም ከወረራው ዘመን ጋር የገጠመ ነው። እርሱ ግን የልጅነት ትዝታ በመጻፍ ፈንታ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አወጣ፤ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከረውን ጽንስ። መጽሐፉ በዘመኑ ታግዷል፤ ሐያስያንም እንደ ፖለቲካ ምፀት ሲያነቡት ኖረዋል፤ ልክ ናቸው። በበኩሌ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ልጅነቱን መተረክ ይችል የነበረ ሰው ከትዝታው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ከልደት በፊት ቆሞ፣ «ይህን ልጅነት ማን ጠየቃችሁ?» ሲል እሰማዋለሁ። ክራሩን አልነካውም። ይልቁንም ሰበረው። ሆኖም የተሰበረ ክራር ያስጮኻል እንጂ አይተርክም፤ የአቸፈር ልጅ በወረራው ዘመን ምን በልቶ፣ የት ተደብቆ እንዳደገ ከዚያ መጽሐፍ አናገኝም።

ጠያቂ ያለው ትዝታ

የምፈልገው ዓይነት መጽሐፍ በአማርኛ የለም እንዳልል አንድ መጽሐፍ ይከለክለኛል። መንግሥቱ ለማ አባቱ ሲናገሩ እየጻፈ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። አለቃ ለማ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም የወረዱ ሊቅ ናቸው፤ የተማሪነት ዘመናቸውን ሲያወሩ የምንሰማው ስለ ዘመኑ በጅምላ የተነገረ ሙገሳ አይደለም። ማን አስተማረ፣ የት አደሩ፣ ምን ተበላ፣ ማን ተቆጣ የሚለው ሁሉ አለ። ይህን ያደረገው ምንድን ነው? ብልህ ጠያቂ መኖሩ ይመስለኛል። አባት ይናገራል፣ ልጅ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ደግሞ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነው። ጠያቂ ፊት የተቀመጠ ሰው «ትዝ አለኝ» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ «ከዚያስ?» ይባላል። «ከዚያስ?» ሲባል ማስታወስ ይጀምራል።

የብዙዎቹ የልጅነት ጽሑፎቻችን ድህነት ከዚህ ነው የሚመነጨው። ጠያቂ የላቸውም። ጸሐፊው ከራሱ ጋር ብቻውን ተቀምጦ፣ ራሱ እያወራ ራሱ ያለቅሳል። በ1960ዎቹ የፖለቲካ ማዕበል ውስጥ ያለፈው ትውልድ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ደግሞ በተቃራኒው ጠያቂ አላቸው፤ ግን ጠያቂው የሚፈልገው ስለ ድርጅት፣ ስለ ስብሰባና ስለ እስር ቤት ብቻ ነው። ልጅነት በእነዚያ መጻሕፍት የመጀመሪያዋ ምዕራፍ ናት፤ ፈጥና ታልቃለች፤ ጀግናው ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ አንባቢ እንዳይሰለች የተዘጋጀች የጧት ቁርስ ናት።

ጦርነትም እንደ ልጅነት የራሱ ዜማ አለው፤ ያም ቀረርቶና ፉከራ ነው። ጎጃም ደግሞ በዚህ አይታማም። ስለዚህ ከጦርነት ማግስት ያደገ ልጅ ሲጽፍ ሁለት የተዘጋጁ ዜማዎች ይጠብቁታል፤ ለልጅነቱ ክራር፣ ለጦርነቱ ሽለላ። ሁለቱም የአዋቂ ዜማዎች ናቸው። አንደኛው ለተለየ ወዳጅ፣ ሁለተኛው ለወደቀ ጠላት የተበጀ ነው። የጥይት ቀለህ ጠርጎ ፉጨት ለሚሠራ የሰባት ዓመት ልጅ የተበጀ ዜማ የለም።

የዳር ሰፈር

እስቲ ስለ ቀለሁ ላውራ። ያደግሁት በፍኖተ ሰላም ዳርቻ፣ ወደ ቡሬ መውጫ ባለው በኩል፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ ፍኖተ ሰላም የሚለውን የግእዝ ስም ያገኘችው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። መንገዱ ግን ስሙን አልሰማም። በ1983 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ የኢሕአዴግ ጦር በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎጃምን የያዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዚያም በቡሬ አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ወረደ።

ሰፈራችን ከተማ አይባልም፤ ገጠርም አይባልም። በፊት ለፊቱ ያኔ ጠጠር የነበረው አውራ ጎዳና ያልፋል፤ ከጀርባው የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ይጀምራል። ከማሳው ባሻገር፣ በደርግ ዘመን በመንደር ምሥረታ በገመድ ተለክተው በመስመር የተሠሩ ቤቶች ይታዩ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ወደ ቀድሞ ቀዬው ስለተመለሰ አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ የቀሩት ምሰሶና ግድግዳ ናቸው። እኛ የምንደባበቀው በእነዚያ ውስጥ ነበር። በሰፈሩ ማን እንደሚኖር ብትጠይቁኝ እነሆ፤ የተበተነው ሠራዊት አባላት፣ ጠላና አረቄ የሚሸጡ ሴቶች፣ የሹፌር ሚስቶች፣ መምህራን፣ እንዲሁም ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች። እነዚህ ተማሪዎች ዓርብ ዓርብ ስንቃቸው ሲያልቅ ወደ ቤታቸው በእግር ይገሠግሣሉ፤ እሑድ ማታ እንጀራና ዳቦ ቆሎ ተሸክመው ይመለሳሉ። እሑድ ያልተመለሰ ተማሪ ትምህርቱን ጥሏል ማለት ነው፤ ማንም አይጠይቅም፤ በቦታው ሌላ ይገባል።

በየቤቱ የጦርነቱ ዕቃ ነበር። የጥይት ሳጥን ውስጥ በርበሬ ይቀመጣል። የወታደር ብርድ ልብስ አራስ ይለብሰዋል። የብረት ቆብ ተገልብጦ ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ይሆናል። በቤታችን የነበረው ሳጥን በጎኑ የሩሲያ ፊደል ነበረበት፤ እኔ ለጌጥ የተሣለ ሐረግ ይመስለኝ ነበር። ቀለህ ለኛ ብይም ፉጨትም ገንዘብም ነበር፤ የክላሹ ርካሽ ነው፤ የብሬኑ ውድ ነው። ጨዋታችን ደርግና ወያኔ ነው። ደርግ የሚሆን ሰው ስለሚጠፋ በዕጣ ይወጣ ነበር። አባቱ ሃምሳ አለቃ የነበረ አንድ ልጅ ግን ዕጣ ሳይጠብቅ ሁልጊዜ «እኔ ደርግ ነኝ» ይላል፤ ሁልጊዜም ያሸንፋል። አባቱ በር ላይ ተቀምጠው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ልጃቸው ሲያሸንፍ ያዩታል። አንድም ቀን ሲስቁ፣ አንድም ቀን ሲቆጡ አላየሁም።

በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ ሌላ ቃል ወደ ጨዋታችን ገባ። በቀደሙት መንግሥታት ሥልጣን ነበራቸው የተባሉ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው ተቀነሰ። እኛም ብይ የበዛበትን ልጅ «ቢሮክራት» ብለን ብዩን ለሰፈሩ አከፋፈልን። ከሰፈራችን አለፍ ብሎ ከሚኖሩት ውስጥ በዚያው ሰሞን እውነተኛው ቃል የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ከኛ ጋር ይጫወቱ ነበር።

ይህን የዘረዘርኩት ልጅነቴ ከሌላው የተለየ ነበር ለማለት አይደለም። እንዲያውም በዚያ መንገድ ላይ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያደገ የእኔ እኩያ ሁሉ የራሱን ሳጥንና የራሱን ቀለህ ሊነግራችሁ ይችላል። በአፉ ከጠየቃችሁት ይነግራችኋል። ሲጽፍ ግን ሳጥኑ «የእናቴ ሳጥን» ይሆናል፤ በጎኑ ያለው ፊደል ይጠፋል። ፉጨቱ ይቀራል፤ ቀለህ መሆኑ ይረሳል። እሑድ ማታ ያልተመለሰው ተማሪ ጨርሶ ከታሪኩ ይወጣል። የበዓል ዋዜማ መጽሔቶችና ጋዜጦች ላይ የሚወጡትን የእኩዮቼን ትዝታዎች ሳነብ ይህን እታዘባለሁ። ማንም እየዋሸ አይደለም። ክራሩ ራሱ ነው የሚመርጠው፤ ከቅኝቱ ጋር የማይሄደውን ነገር ጣት ሳይነካው ያልፋል።

ጣፋጩ ልጅነት ይከሰስ?

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስል ወደ ውጭ እንመልከት። ጊኒያዊው ካማራ ላዬ እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይኛ ያሳተመው የልጅነት ታሪክ በመላው አፍሪካ ተነብቧል። የአባቱ የአንጥረኝነት ሥራ፣ የእናቱ ክብር፣ የመንደሩ ሥርዓት በሚያምር ቋንቋ ተጽፎበታል። ካሜሩናዊው ሞንጎ ቤቲ ግን ብዙም ሳይቆይ ተነሣበት። ቅኝ ገዢው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የት አለ? ይህ ሰው ያደገባት አፍሪካ የግፍ ድምፅ አልነበረባትምን? ሲል ሞገተው።

ሙግቱ ከባድ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። ልጅ በግፍ መሐል ደስ ሊለው ይችላል፤ ደስታውም እውነት ነው። የጥይት ሳጥኑ ውስጥ የነበረው በርበሬ ጥሩ መዓዛ ነበረው። የወታደሩ ብርድ ልብስ ይሞቅ ነበር። ጸሐፊውን ደስታውን ተው ብንለው ሽለላውን እንዲያነሣ መገፋፋታችን ነው። የሚያስፈልገው ደስታውና ዕቃው ከነመነሻው በአንድ ገጽ ላይ መገናኘታቸው ነው።

ይህ እንደሚቻል ያሳዩ አሉ። ወሌ ሾይንካ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «አኬ» በተባለው የልጅነት መጽሐፉ፣ የአቤኦኩታ ሴቶች ግብርን ተቃውመው ሲነሡ ልጁ መልእክት ሲያመላልስ እናየዋለን። ጣፋጩ ልጅነት አልጠፋም፤ ሆዳሙ፣ ጠያቂው፣ አስቸጋሪው ሾይንካ በየገጹ አለ። አመፁንም ከዚያው ከልጁ ቁመት እናየዋለን። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የልጅነት ማስታወሻ ከርእሱ ጀምሮ ሕልምንና ጦርነትን አንድ ላይ ያስቀመጠ ነው። ወንድሙ ጫካ ገብቷል፤ እርሱ ግን ለእናቱ በገባው ቃል መሠረት ትምህርቱን መቀጠል አለበት። ስለ ማው ማው የሚሰማው ትልልቆቹ ሲያንሾካሽኩ ነው፤ ግማሹን ይረዳል፤ ግማሹን አይረዳም፤ ያልተረዳውን ያልተረዳው አድርጎ ይጽፈዋል። ሁለቱም ጎልማሳው ያወቀውን በልጁ አፍ አላስገቡም።

ከኛዎቹስ? ማንኩሳ ከበዛብህ በኋላ ሌላ ልጅ ወልዳለች፤ በዚህ ጊዜ በልብ ወለድ አይደለም። በእውቀቱ ሥዩም የማንኩሳ ልጅ ነው። የትውልድ አካባቢው ሰዎችና የልጅነት ገጠመኞቹ በወጎቹ ውስጥ በሳቅ ተለብጠው ይመጣሉ። ሳቁን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ሐያስያን አሉ፤ እኔ ከነሱ አይደለሁም። ቀልድ አድማጭ ይፈልጋል፤ አድማጭ ካለ ደግሞ ከክራሩ ብቸኝነት ወጥተናል ማለት ነው። «ኗሪ አልባ ጎጆዎች» የሚለው የግጥም መድበሉ ርእስ ብቻውን፣ በዚያ መንገድ ዳር የፈራረሱትን የመንደር ምሥረታ ቤቶች ላየ ሰው፣ ከግጥሞቹ ሐሳብ ውጭም የሚናገረው ነገር አለው። ሆኖም ሳቅ ችኩል ነው። ሲያስቀን ገጠመኙ ያልቃል፤ ሃምሳ አለቃው በር ላይ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። በዚህ መንገድ ላይ ያደገ ጸሐፊ ሳቁን ይዞ፣ ከሳቁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቢቆይልን የሚል ምኞት አለኝ።

ነገ የሚጻፈው

ነገሩ የሐያሲ ቅንጦት እንዳይመስል ወደ ዛሬው ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ይኸው መንገድ እንደገና ጦር ተመላልሶበታል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረው ነበር። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንግዲህ እሑድ ማታ በስንቅ የሚመለሱት ተማሪዎች አልተመለሱም ማለት ነው፤ አንድ ሁለቱ ሳይሆኑ በጅምላ።

በዚያ ከተማ ያኔ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ አለ። ከሃያ ዓመት በኋላ ይጽፋል። ሁለቱ ዜማዎች ከወዲሁ እየጠበቁት ነው። በአንድ በኩል «ምንም ቢሆን ልጅነት ደግ ነበር» የሚለው ክራር፣ በሌላ በኩል ከማንኛውም ወገን ሆኖ የሚያቅራራው ሽለላ። ሽለላው ዛሬ ከትናንቱ ይልቅ ጉልበት አለው፤ በየስልኩ ይገባል፤ ልጁ ያየውን ነገር ገና ሳይረዳው ተረድተውለት ያቀብሉታል። ቀለሁን ማን እንደተኮሰው ይነግሩታል፤ እርሱ ቀለሁን አንሥቶ ምን እንዳደረገበት ግን አይጠይቁትም። ያ ልጅ ምስክርነቱን ከተነጠቀ የሚቀረን ሁለት ነገር ነው፤ የተረሳ ጦርነት ወይም የሚደገም ጦርነት። የመንገዱ ታሪክ ሁለቱንም አሳይቶናል።

ሥነ ጽሑፍ ጦርነት አያቆምም፤ ይህን ያህል የዋህ አይደለሁም። ሥነ ጽሑፍ የሚችለው ሥራ አለ፤ እርሱን እንዲሠራ መጠየቅ ደግሞ የአንባቢ መብት ነው። መጽሔት አዘጋጆች የልጅነት ትዝታ ሲመጣላቸው በዳር ላይ ጥያቄ ጽፈው ቢመልሱት መልካም ነው። «እርጎው የማን ላም ነው? ሳጥኑ ከየት መጣ? በዚያ ዓመት ከሰፈሩ ማን ጎደለ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ክራር ያስቀምጣሉ። መምህራን «የልጅነት ትዝታዬ» የሚለውን የድርሰት ርእስ ለጊዜው አቆይተው፣ «በቤታችን ያለ አንድ ዕቃ» ብለው ቢያጽፉ ከልጆቹ የሚያገኙት ያስደንቃቸዋል። ወላጆችና ታላላቆች ደግሞ መንግሥቱ ለማ በአባቱ ፊት የተቀመጠውን ያህል በልጆቻቸው ፊት ቢቀመጡ፣ ደብተር ይዘው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ሳያርሙና ሳያስተምሩ «ከዚያስ?» ቢሉ፣ ከማንኩሳ ምሽግ አጠገብ ጥጃ ይጠብቅ የነበረው ልጅ ያላገኘውን ዕድል ለእነዚህ ይሰጣሉ።

ልጆቹ አሁን በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ አሉ። ያዩትን ገና አልረሱትም። የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ይናገራሉ።